በፍልሰታ ነጭ አሳ አትዘዙ

ባለፈው ነሐሴ ባሕር ዳር ነበርኩ። ሐይቁ ዳር አሳ የሚበለትበት ቦታ ቆሜ አያለሁ። አንዲት ወጣት ሴት የክንዴን ያህል የሚረዝም ነጭ አሳ አንስታ ሆዱን ሰነጠቀችው። ከውስጡ እንቁላል ወጣ። ሁለት እጇን ሞላው። ወደ ውሃው ዳር ወረወረችውና ፔሊካኖቹ ተሻምተው ጨረሱት።

«ይሄ ሁሉ እንቁላል ነው?» አልኳት።

«አሁን ጊዜው ነዋ! ሁሉም እንዲሁ ነው» አለችኝ፣ ቀጣዩን እያነሳች።

እውነቷን ነው። ጊዜው ነው። ነጭ አሳ እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ወንዝ የሚጓዝበት ጊዜ ነው። እኛ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ፍልሰታን ስንጾም አሳ አምጡ እንላለን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወር ላይ መገጣጠማቸው ስላሳሰበኝ ነው። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። የእኔ ጥያቄ በዚያ ወር የትኛውን አሳ እንደምንበላ ነው።

ያደግኩት ወረታ ነው። ክረምት ገብቶ ጉማራና ርብ ሲሞሉ «አሳው ወጣ» ይባል ነበር። ከሐይቁ ወጥቶ ሽቅብ ወንዙን ይዞ መጣ ማለት ነው። ጎረምሶቹ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ ይበትኑታል። ትንሽ ቆይቶ አሳው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ትልቁን እነሱ ይወስዳሉ። ትንንሹን እኛ ልጆቹ እንለቅማለን። የቀረው በውሃው ተወስዶ ይበሰብሳል። በዚያ ዕድሜያችን ይሄ ጥፋት ነው ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ከሚንሳፈፈው ብዙው ሊወልድ የመጣ አሳ እንደነበር ይገባኛል።

ባሕር ዳር ምግብ ቤት ስትገቡ የምትሰሙት ሦስት ስም ነው። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ። ቀረሶ ይወደዳል። ነጭ አሳ እሾህ ስለሚበዛው ዋጋው ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ለጉላሽ ይሆናል። «ነጭ አሳ» የሚለው ስም ግን አንድ አሳ ብቻ ያስመስለዋል። አይደለም። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉ። ከጥቂቶቹ በስተቀር ከጣናና ወደ ጣና ከሚገቡ ወንዞች ውጭ በየትኛውም ዓለም አይገኙም።

ዘራቸው ከካርፕ ቤተሰብ ነው። አዎ፣ አውሮፓውያን ትልቁን ለመያዝ ሐይቅ ዳር ድንኳን ጥለው የሚያድሩለት ካርፕ ማለት ነው። የዚህ ቤተሰብ አሳ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም አብዛኛው የካርፕ ዘመድ ጭቃ እየቆፈረ ትል፣ ቀንድ አውጣና ሣር ይበላል። ሌላ አሳ አሳድዶ መዋጥ የተለመደ ሥራው አይደለም። የጣናዎቹ ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከታች ያለ አሳ ያንን ወጥቶ ጣና አይደርስም። በዚህ የተዘጋ ቤት ውስጥ ከአንድ ወገን የተነሱት ነጭ አሳዎች ቀስ በቀስ ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ከታች ጭቃ ይቆፍራል። ሌላው የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነፍሳት ይለቅማል። ስምንቱ ደግሞ አፋቸው ሰፍቶ፣ ሰውነታቸው ረዝሞ አሳ አዳኝ ሆኑ። ያለ መንጋጋ ጥርስ!

ሳይንሱ ራሱ ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ በ1973 የታተመ አንድ ጥናት ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አድርጎ መድቧቸው ነበር። በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሐይቁ ላይ ዓመታት ሠርተው ነው ለየብቻ ዝርያ መሆናቸውን ያሳዩት። አስጋሪዎቹ ግን ከዚያ በፊትም በአፉና በጀርባው ቅርጽ እያዩ በየስሙ ሲጠሩት ኖረዋል።

አሁን ወደ ክረምቱ ልመለስ። ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ዝናቡ ሲበረታ መጀመሪያ ወንዞቹ ሐይቁን በሚቀላቀሉበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጉማራን፣ ርብን፣ ገልዳን፣ መገጭን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ነው። ጥሩ አየር ያለው፣ ፈጥኖ የሚፈስ ውሃና ንጹሕ ጠጠር። እንቁላላቸውን እዚያ ጥለው ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይሆናል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ይበረታል።

ቀረሶ እንዲህ አይደለም። እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል። እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቱን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። ፈጥኖም ያድጋል። ነጭ አሳ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ለመውለድም ዓመታት የሚፈጅበት ነው። ትልቋ እናት ከትንሿ እጅግ የበለጠ እንቁላል ትሸከማለች። እና ትልቁን አሳ ስናወጣ የምናወጣው አንድ አሳ ብቻ አይደለም።

ወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበ አሳን መያዝ ቀላል ነው። መረቡን አፉ ላይ መወጠር ነው። ድሮ ይህ ብዙ ጉዳት አልነበረውም። ወይጦዎች በደንገል ታንኳቸው ዳር ዳሩን ይዘው በአብዛኛው ቀረሶ ነበር የሚያሰግሩት። እ.ኤ.አ በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። የመጣው በቅን ልቦና ነው፤ የድሃውን አስጋሪ ሕይወት ለማሻሻል። ብዙ ቤተሰብም አብልቷል። ግን ጀልባው ሩቅ ያሉትን የወንዝ አፎች ሁሉ ቅርብ አደረጋቸው።

ውጤቱ ተለክቷል። እ.ኤ.አ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት የነጭ አሳ ብዛት በ75 በመቶ ወረደ። የትንንሾቹ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ። ይህንን ሁለተኛውን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። ትልልቆቹ ቢያልቁ ትንንሾቹ ያድጋሉ እንል ነበር። ትንንሾቹ ናቸው የጠፉት። የሚወለድ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ አሳው ጭራሽ የማያየው ርካሽ መረብ ገበያውን ሞላው። ከወንዞቹ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይዛቃል። የመስኖ ፓምፑ ወንዙን ይጠጣዋል። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው ምክንያት አላቸው። ለፎገራ ገበሬ ውሃ አታግኝ የምል ሰው አይደለሁም። ለአሳው ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይደርሱበታል፤ እዚያችው ጠጠር ላይ።

እምቦጭ ጣናን ሲወር አገር ተንቀሳቅሷል። ከአዲስ አበባም ከጎንደርም ወጣቱ ሄዶ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ውጭ ያለው ወገናችን ገንዘብ አዋጥቷል። ያ ፍቅር እውነተኛ ነበር። ግን እምቦጭ ይታያል። አረንጓዴ ሆኖ ፎቶ ላይ ይወጣል። አሳው ውሃ ውስጥ ነው። ሲያልቅም ውሃው ያው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

እንግሊዝ የሚኖር አንድ ዘመዴ ቅዳሜና እሁድ ካርፕ ያጠምዳል። የሚያሳየኝን ቪዲዮ መጀመሪያ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ አድሮ የያዘውን 15 ኪሎ አሳ በረጠበ ምንጣፍ ላይ ያስተኛዋል። መንጠቆው የወጋውን ቦታ መድኃኒት ይቀባዋል። ይመዝነዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። እዚያ ትልልቆቹ ካርፖች ስም አላቸው። አንዱን አሳ በተለያየ ዓመት ብዙ ሰው ይይዘዋል። እ.ኤ.አ በ1952 ሪቻርድ ዎከር የሚባል አጥማጅ ሬድማየር ከምትባል ትንሽ ኩሬ 20 ኪሎ የሚሆን ካርፕ ያዘ። በጊዜው የአገሪቱ ክብረ ወሰን ነበር። አልበላውም። ለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ሰጠው። አሳው እዚያ እስከ 1971 ኖረ፤ ሰው እየተሰለፈ አየው።

ይህን የማነሳው የጉማራ አስጋሪ የያዘውን ይመልስ ለማለት አይደለም። ዘመዴ የሚያጠምደው ለመዝናናት ነው። የእኛው ሰው የሚያጠምደው ጤፍ ለመግዛት ነው። ሁለቱን ማወዳደር ግፍ ነው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እነሱ አገር ካርፕ ብርቅ አይደለም። በዓለም ላይ ሞልቷል። ያም ሆኖ ትልቁን አሳ በሕይወቱ ውድ አድርገው ያዩታል። የእኛው ነጭ አሳ ሌላ ቦታ የለም፤ ትልቁን ግን በኪሎ ብቻ ነው የምናውቀው።

ስለ ካርፕ ካነሳሁ አንድ ስጋቴን ልናገር። ካርፕ የእኛ አገር አሳ አይደለም። ከውጭ መጥቶ ቆቃና ዝዋይ ውስጥ ለምዷል። ቶሎ ያድጋል፣ ብዙ ይወልዳል። አንድ ቀን «ነጭ አሳ ካለቀ በካርፕ እንተካው» የሚል ሰው እንዳይመጣ እፈራለሁ። ካርፕ ጭቃ እያመሰ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የውሃ ሣሩን ይነቅላል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እሱም እንደ ጣና ከካርፕ ቤተሰብ የራሱ ብቻ የሆኑ ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ አሳ ገባበት፣ ማስገሩም በዛ። እ.ኤ.አ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ 15ቱ ከምድር ጠፍተዋል ብሎ አወጀ። የቀሩትም ሁለቱ ምናልባት ጠፍተዋል ተብለው ነው የተመዘገቡት። አሁን በዓለም ላይ እንዲህ ያለ፣ ከካርፕ ወገን የሆነ የትልልቅ አሳ ዝርያዎች ስብስብ ያለው ሐይቅ ጣና ብቻ ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል አለን። የፌዴራሉ የአሳ ሀብት አዋጅ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ አለ። ክልሉም የራሱ አለው። ግን ነሐሴ ላይ የጉማራ አፍ ሄዳችሁ እዩት። መረብ ተወጥሮ ታገኛላችሁ። አሁን ክልላችን ባለበት ሁኔታ ደግሞ ሐይቅ ላይ ጥበቃ አሰማሩ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ፊቴን ወደ ገዢው ያዞርኩት። ወደ እኛ ማለት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በተለይ በፍልሰታ ሁለት ሳምንት፣ ነጭ አሳ አንዘዝ። ቀረሶ አለ። አምባዛ አለ። ሽሮም አለ። አስተናጋጁን «ይሄ የምን አሳ ነው?» ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። ጉላሽ ካላችሁ ደግሞ በተለይ ጠይቁ፤ ተቆራርጦ ከመጣ በኋላ አይለይም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ ሽማግሌ አስጋሪ ነግሬያቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጀልባ የኖሩ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ድሮ በአንድ ሌሊት የማወጣውን ዛሬ ሳምንት ብዞርም አላገኘውም» አሉኝ። «እኔ ብቻዬን ብተው ጎረቤቴ እዚያው መረቡን ይጥላል። ሁላችሁም ተዉ ከተባለ እተዋለሁ። ግን እነዚያን ወራት ቤቴ ምን ይበላል?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሱን እሳቸው ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ማኅበራቱ በደህናው ወር ከሚሸጡት ላይ ለክረምቱ ማስቀመጥ ይችላሉ። ሆቴሎቹ ዓመቱን ሙሉ በአሳ ስም ቱሪስት የሚጠሩ ናቸው፤ ነጭ አሳ በማይሸጥባቸው ወራት ለቀረሶ ጥቂት ጨምረው መግዛት አይጎዳቸውም። ጢስ ዓባይን ሊያይ የመጣ እንግዳ ክረምት ላይ ርብ ዳር ቆሞ አሳ ሽቅብ ሲወጣ ቢያይ ከፍሎ ያያል ብዬ አምናለሁ። የወንዙን መንገድ ከእኚህ ሰውዬ የበለጠ የሚያሳየው ማን አለ?

ከባሕር ዳር ከመመለሴ በፊት ሁሌ የምበላበት ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቷን በደንብ አውቃታለሁ። ያየሁትን እንቁላል ነገርኳትና በክረምት ነጭ አሳ እንዳትገዛ ለመንኳት። ሳቅ አላለችም፣ አልተቆጣችምም። ትንሽ አሰበች።

«ሰው ካላዘዘኝ እኔ ለምን እገዛለሁ?» አለችኝ።