በአንድ ነጥብ በላናቸው

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አቦሉ ገና አልተቀዳም። ጎረቤቴ ስልኩን ጎርጎር አደረገና «በ2027 እ.ኤ.አ. ሦስተኛውን በተከታታይ እንወስዳለን» አለ። ሰውዬው ቡና ነጋዴ ነው። ጨረታ መስሎኝ «አላህ ይጨምርልህ» አልኩት።

«የራግቢውን ዋንጫ ነው'ኮ የምልህ! አውስትራሊያ ላይ!»

«ማናችሁ የምትወስዱት?»

«እኛ ነና!»

እኛ! ይቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደችም።

ጎረቤቴን አውቀዋለሁ። ሂርማታ መርካቶ ተወልዶ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ሲራገጥ ያደገ ሰው ነው። ሩቅ ሄደ ከተባለ አዲስ አበባ ነው፤ እሱንም ቡና ጭኖ። «እኛ» የሚላትን ደቡብ አፍሪካን አያውቃትም። የራግቢ ኳስ በእጁ ነክቶ አያውቅም። እርግጥ እኔም አልነካሁም። ጅማ ውስጥ ሞላላ ነገር ጨበጥን ከተባለ አቮካዶ ነው። ግን እኔ «እኛ» አልልም።

ለነገሩ «እኛ» ለከተማችን አዲስ አይደለችም። ኮቺ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ፤ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ክረምት የባጃጅ ጎማ መግዣ ከእኔ ተበደረ። ብሩን ኪሱ ከትቶ ገና ከግቢዬ ሳይወጣ «ዘንድሮ አንድ ጥሩ አጥቂ መግዛት አለብን» አለኝ። ለአርሴናል ነው። ብሩን ልቀበለው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

የጎረቤቴ ነገር የተጀመረው ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ነበር። ፈረንጅ አራዳ፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ። የዚያን ቀን አርሴናል ሼፊልድ ዩናይትድን 5 ለ 0 ቀጥቅጦ ቤቱ ሰርግ ቤት መስሏል። ቀጥሎ ወልቭስና ኒውካስል 2 ለ 2 ወጡ። ሰው መበተን ሲጀምር ቤቱን የሚያሠራው ልጅ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው ልጅ ነው፣ «ቆይ! 4 ሰዓት ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አለ!» ብሎ ጮኸ። የምን ዓለም ዋንጫ እንደሆነ አልተናገረም። ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ። 20 ብሩንም እንደገና ከፈለ።

ፓሪስ ይዘንባል። ጅማም ይዘንባል። ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ ኮሜንታተሩ አይሰማም። ቢሰማም ያው ነው። ጥቁር የለበሱት ኒውዚላንዶች መሃል ሜዳ ተሰልፈው ጭናቸውን እየጠፈጠፉ፣ ዓይናቸውን እያፈጠጡ፣ ምላሳቸውን እያወጡ መጮህ ጀመሩ። ሃካ ይባላል። ከኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት አዩ አዩና «ፉከራስ ደህና ነው። ግን ማንን ገድለው ነው?» አሉ።

ይሄኔ ጎረቤቴ ተነሣ። ዝም ብሎ ቢነሣ ምን ነበረበት። ማስረዳት ጀመረ።

እዚህ ላይ የምወደውን ተረት ካልተረትኩ አይሆንልኝም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። ሰው ይቺን ተረት የሚተርታት ለጉረኛ ነው። እኔ ግን የምትገርመኝ ቁርበቷ ናት። ጅብ ሆዬ ምንጣፍ ማለት ይችል ነበር። አልጋም ማለት ይችል ነበር። ቁርበት ያለው ሌሊት ሲርበው መኝታውን ሊበላው ነው! ክብሩም እራቱም በአንድ ትእዛዝ ተነጠፈለት ማለት ነው። የእኛ ሰፈር ጅቦች እንዲህ ያለ ዘዴ የላቸውም። ሌሊት በአጥር ሥር መጥተው ከውሾቻችን ጋር ሲነታረኩ ያድሩና ባዶ ሆዳቸውን ይመለሳሉ። የሚያውቋቸው አገር ስለሆነ ይሆናል።

ጎረቤቴ ግን በማያውቁት ቤት ገብቷል። ራግቢን ካወቀ 25 ደቂቃ ሆኖታል፤ ከስልኩ። «ኳሷን በእጅ ማቀበል የሚቻለው ወደኋላ ብቻ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ በኋላ አጣርቻለሁ። ወደፊት መሄድ የፈለገ ኳሷን ይዞ ይሮጣል ወይም በእግሩ ይመታታል። በእጅ ግን ወደኋላ ብቻ።

ይሄን ስሰማ ጨዋታው አዲስ አልሆነብኝም። የቤቴን ካርታ ላስተካክል አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። ፋይሌን 7 ቁጥር ያለችው ለ3 ቁጥር ታቀብላለች፤ 3 ቁጥር ለ2። 2 ቁጥር ያለው ሰውዬ ኳሷን እቅፍ አድርጎ ለስብሰባ ይወጣል። ሁልጊዜ ወደኋላ ነው። ልዩነቱ በራግቢ ኳስ የያዘው ሰው ራሱ ይሮጣል። እዚያ የሚሮጠው ባለጉዳዩ ነው፤ ያውም ኳስ ሳይዝ። ካርታዬ አሁንም እንደተጣመመ አለ።

ስክረም የሚሉትን ነገር ግን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ስምንት በስምንት ሆነው አንገት ለአንገት ተቆላልፈው ሲገፋፉ ቤቱ በሙሉ «የስኳር ሰልፍ!» ብሎ አውካካ። ሌላም ነገር ታዘብኩ። እኛ ክርክር ሲጦዝ «ኳስ በመሬት» እንላለን፤ ረጋ በሉ ለማለት። ራግቢ ውስጥ ይሄ አይሠራም። ሁሉም እላዩ ላይ የሚከመረው ኳሱ መሬት የነካ ጊዜ ነው።

ጨዋታው ቀጠለ። ደቡብ አፍሪካዎች አንድም ትራይ አላስቆጠሩም፤ ትራይ ማለት ኳሷን ከተጋጣሚ የጎል መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ነው። ሃንድሬ ፖላርድ የሚባለው አራት ቅጣት ምት አገባ፤ አንዱ 3 ነጥብ ነው፣ 12 ሆነ። ኒውዚላንዶች ሁለት ቅጣት ምት አገቡ፤ አንድ ትራይም አስቆጠሩ፤ እሱ 5 ነጥብ ነው። ከትራዩ በኋላ የምትመታዋን 2 ነጥብ ሳቱ። ማለቂያው ላይም አንድ የሩቅ ቅጣት ምት ሳቱ። 12 ለ 11 አለቀ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር «ቆይ፣ ጎል ያገቡት እነዚያ፤ ዋንጫ የበሉት እነዚህ?» ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቴ «ራግቢ ነዋ!» አለው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ጮኸ፦

«በአንድ ነጥብ በላናቸውውው!»

ለምን እንደወደዳቸው በኋላ ገባኝ። በዚያ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካዎች፣ ስፕሪንግቦክሶች የሚሏቸው፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ ፈረንሳይን 29 ለ 28 ነው ያሸነፉት። ግማሽ ፍጻሜ ላይ እንግሊዝን 16 ለ 15። ፍጻሜውን 12 ለ 11። በሦስት ጨዋታ የሦስት ነጥብ ትርፍ! ጎረቤቴ በኪሎ አንድ ብር ለመጨመር ከጠዋት እስከ ማታ ሚዛን ሥር ቆሞ የሚከራከር ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካን ሲያይ ዘመዱን ያየ መስሎት መሆን አለበት።

ግን ያን ምሽት እኔ አንድ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። የኒውዚላንዱ አምበል ሳም ኬን ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቢጫ ካርድ አየ። ራግቢ ላይ ቢጫ ያየ ከሜዳ ወጥቶ 10 ደቂቃ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሱ ተቀምጦ ሳለ ዳኞቹ ቪዲዮውን አዩና ቀይ አደረጉበት። በወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሰውዬው እዚያው ወንበሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። ከዕረፍት በኋላ የደቡብ አፍሪካው አምበል ሲያ ኮሊሲም በተራው ቢጫ አይቶ ወንበር ላይ 10 ደቂቃውን ተቀመጠ።

ወንበሩን ሳይ በርጩማዬ ትዝ አለኝ።

የአባቴ ነበረ። የጅማ በርጩማ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ስለተቀመጠበት መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ቅባት የተቀባ ይመስል ያበራል። አንደኛው እግሩ ላይ የቡና ፍም ወድቆበት የተቃጠለ ጥቁር ምልክት አለ፤ አውራ ጣት ያህላል። ልጅ እያለን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የተመታው ወንድሜ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን በላ። ከተማው አበደ። የዚያን ቀን ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። «ልጆቹ ግቢያችን ውስጥ ሊያከብሩ ነው፤ መቀመጫ አነሰን፤ ያቺን በርጩማ ስጠን» አለ። «አነሰን»፣ «ስጠን»። ያኔም «እኛ» ነበረ፤ ልብ አላልኩም። ሰጠሁት።

በማግሥቱ ሄድኩ። «ኧረ እነሱ ወስደውት ነው» አለኝ።

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ፣ ልጆቹ።»

የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ቡድኑ ከሊጉ ወረደ። ጎረቤቴ መንገድ ላይ አገኘኝና «አየህ፣ ወረዱ'ኮ» አለኝ። ወረዱ! በ2010 በላን፤ በ2014 ወረዱ። ይሄ ደሜን ያፈላዋል፤ ቀልዱን ትቼ ነው የምናገረው። ለቅሶ እንኳ ድንኳን ይተከልለታል፤ ሰው መቀመጫ ይዋሳል። ቡድኑ የወረደ ቀን አንድ ሰው በሬን አላንኳኳም። ሁሉም ቤቱ ገብቶ አርሴናልን አየ። የራሱ ከተማ ቡድን ላይ «እነሱ» ያለ ሰው፣ ኬፕታውን ላለ ሰው «እኛ» ሲል በምን አንጀቴ ልስማው?

እሱንም ቢሆን ፈትኜዋለሁ። እሁድ ዕለት ቶናው ላይ «በ2003 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ናሚቢያን 142 ለ 0 አሸነፈች። እሱ ጊዜ የት ነበራችሁ?» አልኩት።

«እነሱማ አይችሉም!» አለ ቆሎውን እየቆረጠመ።

«በ2027 ዚምባብዌ አለች። ናሚቢያን 30 ለ 28 አሸንፋ ነው የገባችው፤ ከ1991 ወዲህ ገብታ አታውቅም።»

ዓይኑ በራ። «እንግዲያው ሁለት ነን ማለት ነው!»

በአንድ ነገር ብቻ አፌን አስያዘኝ። በ1995 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ፣ ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 15 ለ 12 ባሸነፈች ቀን፣ ማንዴላ የአምበሉን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ሜዳ ወጡ። ያ አረንጓዴ ማሊያ በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሩ ሕዝብ የነጮች ልብስ ነበር። ዛሬ 6 ቁጥርን የሚለብሰው ኮሊሲ ነው፤ የቡድኑ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል። ጎረቤቴ ይሄን ሲያወራ ድምፁ ተቀየረ። እኔም ሲኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። እውነትም «እኛ» ቢል ምናለበት ልል ትንሽ ቀረኝ።

ወዲያው ግን «ማንዴላንስ ቢሆን ያሠለጠንነው እኛ አይደለን!» አለ። በ1962 እ.ኤ.አ. ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ነው። እውነት ነው፣ ወስደዋል። ጎረቤቴ ያኔ አልተወለደም። አባቱ ራሱ ያኔ ሚስት አላገባም።

እንግዲህ ምን ይባላል? ስለ ራግቢ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት። ጨዋታውን ወድጄዋለሁ። ዳኛው የሚናገረው በማይክ ይሰማል። ዳኛውን የሚያነጋግረው አምበሉ ነው፤ ሌላው ዝም ይላል። የሁለት ተፋላሚ ቡድን ደጋፊዎች አንድ ላይ ተቀላቅለው ተቀምጠው ያያሉ። ይሄ ሁሉ ብዙ ያስጽፍ ነበር።

ቡናው በረካ ላይ ደረሰ። ጎረቤቴ አሁንም 2027 ላይ ነው። «የአውስትራሊያ ማታ ለኛ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ዲኤስቲቪ ቤት መጋፋት ቀረ። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ እናያለን። ሰፈሩን በሙሉ እንጠራለን» አለ። ከዚያ አሰብ አደረገና «ብቻ መቀመጫ ያንሰናል። ያቺ በርጩማህ አለች አይደል?» አለኝ።

ዓይኑን አየሁት። እየቀለደ አይደለም። ወላሂ ረስቶታል።

ባለቤቱ ጀበናውን አቀርቅራ ሦስተኛውን ትቀዳለች። የተቀመጠችው በርጩማ ላይ ነው። ከጎን በኩል የሚታየው ጠርዙ ያበራል፤ ቅባት የተቀባ ይመስላል። እግሮቹን ለማየት ትንሽ ጎንበስ አልኩ። ቀሚሷ እስከ መሬት ሸፍኗቸዋል። የሰው ሚስት ቀሚስ ሥር ደግሞ አይታይም።

በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ።