ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

የትምህርት ቤቶቻችንን ኮምፒውተር ላብ ማማት ፋሽን ሆኗል። «ተቆልፎ ነው የሚውለው» ይላሉ። እና? የባንክ ካዝናስ ተቆልፎ አይደል የሚውለው? ውድ ነገር ይቆለፋል። እኔ በበኩሌ አድናቂ ነኝ፤ ዛሬም የመጣሁት ላመሰግን ነው።

ባለፈው ሰሞን የእህቴን ልጅ ካርድ ልቀበል አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ላቡን በመስኮት አየሁት። በበሩ በኩል አይሆንም፤ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። የአንዱ ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው፣ የሌላው የኮምፒውተር ትምህርት (አይሲቲ) መምህሩ ጋ። ሁለቱ ባለቁልፎች አንድ ላይ ግቢ ውስጥ የተገኙ ዕለት ላቡ ይከፈታል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ስብሰባ ነው። ፀሐይና ጨረቃ እንዴት እንደሚፈራረቁ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ አላየሁም።

በመስኮቱ ግን ምን ዓይነት ንጽሕና! አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። ሁሉም ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። የመምህሩ ብቻ ዳንቴል ነው፣ ዳር ዳሩ በሮዝ ክር የተሠራ። ቬሎ ያጠለቀች ሙሽራ ይመስላል። ሙሽራው ግን አልመጣም።

ይህ ጥበብ ከየት እንደመጣ ለማናችንም አይጠፋንም። ከቤታችን ነው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ያረጃል። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እንግዳ ይጠብቃሉ፤ እንግዳው ሲመጣ ደግሞ «እነሱ ይሰበራሉ» ተብሎ በኩባያ ይቀርብለታል። እናቴ ለክብር እንግዳ ያስቀመጠችው አንድ የሻይ ስኒ ስብስብ አለ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን የሚመጥነው ሰው አልተገኘም። በዚህ ወግ ያደገ ሕዝብ ኮምፒውተር ሲሰጠው ለሰባት ዓመት ልጅ ያስነካል ብላችሁ ነበር?

ፈረንጆች ለትንንሽ ልጆች ቴክኖሎጂን እንዴት በቀላሉ ማስተማር እንደሚቻል መጽሐፍ ይጽፋሉ። እኛ ቀላሉን መንገድ ድሮ አግኝተነዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ጫማ ማውለቅ ነው። ላቡ የተከፈተ ዕለት ልጆቹ በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ በተቀደደ ካልሲ ወደ ውስጥ ይገባሉ። «አቧራ ኮምፒውተር ይገድላል» ተብሏል። እውነት ነው፣ አቧራ ኮምፒውተር አይወድም። ግን መስኮቱ ላይ የተሰበረው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። አቧራው በመስኮት ገብቶ ይሁን በጫማ የሚጣራው ወደፊት ነው። ለማንኛውም ከዚህ ክፍለ ጊዜ የሚወጣ ልጅ ማውስ ባይነካ እንኳ የማን ካልሲ እንደሆነ በጠረኑ ለይቶ ይወጣል። ይህም ክህሎት ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ አለ። ክፍሉ ውስጥ 66 ተማሪ አለ እንበል። ከ12 ኮምፒውተር የሚሠሩት 3 ናቸው። ዘጠኙ ለማስታወሻ ነው የተቀመጡት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለሰልፍ፣ ለጫማና ማሽኑ እስኪነሳ 15ቱን ቀንሱ። 25 ደቂቃ ቀረ። ለአንድ ኮምፒውተር 22 ልጅ ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ያገኛል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ልጁ ማውሱን ይዞ ቀስቷ የት እንደገባች ሲፈልግ «በቃ፣ ቀጣይ!» ይባላል። በንግሥ በዓል ታቦት ለመሳለም ሲጋፋ የኖረ ሰው ይህን ይረዳዋል። ተራ ደረሰኝ ማለት ራሱ በረከት ነው።

ዋናው ትምህርት ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። መምህሩ በጠመኔ ኮምፒውተር ይሥላል። ከሥሩ «ኢንፑት ዲቫይስ» እና «አውትፑት ዲቫይስ» ብሎ ይከፍላል። ተማሪው ይገለብጣል። እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ስድስተኛ ክፍል የሣልኩት ማውስ ጭራው እስኪጠማዘዝ ድረስ የተዋጣለት ነበር። አሥር ከአሥር አግኝቼበታለሁ። እውነተኛውን የነካሁት ከዓመታት በኋላ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው፣ በየደቂቃው ሳንቲም እየተቆጠረብኝ። ያዝኩትና እንደ ሪሞት ወደ ስክሪኑ አነጣጠርኩት። ባለቤቱ መጥቶ እጄን ይዞ ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጥልኝ ድረስ በሥዕል ትምህርቴ አንዳች ጉድለት አይቼ አላውቅም ነበር።

ፈተናው ደግሞ ጥልቅ ነው። «የኮምፒውተር አባት ማን ይባላል?» ቻርልስ ባቤጅ። «ኤኒያክ ስንት ቶን ይመዝናል?» ሠላሳ። በፈረንጆቹ 1946 ለሕዝብ የታየ፣ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ማሽን ክብደቱን ሳይሳሳት የሚነግራችሁ የአምስተኛ ክፍል ልጅ አለን። ፋይል ሴቭ አድርግ ብትሉት ግን ያፍራል። በዚህ ማንም አይሳቅ። ራሱ ባቤጅ ያን አናሊቲካል ኢንጅን የሚባለውን ማሽኑን ሠርቶ ሳይጨርስ ነው በፈረንጆቹ 1871 የሞተው። ኮምፒውተርን ሳይነኩ በወረቀት ብቻ ማወቅ ከአባትየው የወረስነው ነው።

አሁን ስለ ንብረት ክፍል ላውራ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አይከፋችሁ፣ ምክንያቱም የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ወደ ላብ ሲወጣ መምህሩ በሞዴል 22 ፈርሞ ይረከባል። ከዚያች ፊርማ በኋላ ኪቦርዱ ከመምህሩ ደመወዝ ጋር በማይታይ ገመድ ታስሯል። አንድ ልጅ «ኤንተር» ቁልፏን ቢነቅላት ደብዳቤ ይጻፍበታል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ካስፈለገም ከደመወዙ ይቆረጣል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ልጅ ካልነካው ግን ማንም ምንም አይለውም። እንዲያውም ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲመጣ «12 ገባ፣ 12 አለ» ተብሎ ይመሰገናል። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱት ነበር? በዚህ አሠራር ላቡን የሚከፍት መምህር ጀግና ሳይሆን የቤተሰቡን ጉሮሮ የሚያስይዝ ቁማርተኛ ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ እንዲህ ያሉ ቁማርተኞች ጥቂት ናቸው።

ጥበቃው ሲበዛ ማሽኑም ይባረካል። ለብዙ ጊዜ መብራት ያላየ ኮምፒውተር ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ ታልቅና ሰዓቱን ይረሳዋል። ስትከፍቱት 2009 ዓመተ ምሕረት ነኝ ይላችኋል፤ በፈረንጅ ማለቱ ነው። ባትሪዋ ከአንድ ብር ሳንቲም የምታንስ ናት። መቀየር ይቻል ነበር። ግን ለምን? አንድ የማውቃቸው ሱፐርቫይዘር አይተው «በሐበሻ አቆጣጠር ነው የሚሄደው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብለው አለፉት።

ከዚህ የተከበረ ሥርዓት ያፈነገጡ ሰዎች መኖራቸውን ሳልደብቅ ልናገር። አንዲት መምህርት አውቃለሁ፤ ላቡ አይከፈትም ሲሏት ልጆቹን ሜዳ ላይ አወጣቻቸው። አንዱን ልጅ «አንተ ሮቦት ነህ» አለችው። ሌላዋ ወረቀት ላይ ትእዛዝ ጻፈችለት፦ ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ሁለት እርምጃ። ሮቦቱ እንደተጻፈለት ሄዶ ከባንዲራው ዘንግ ጋር ተጋጨ። ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ ትእዛዙን እንደገና አነበቡ፣ ስህተቱን አገኙ፣ አረሙት። ፕሮግራም መጻፍና ማረም ማለት ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ያለ ሞዴል 22! ማን ይቆጣጠራት?

በሌላ ቀን ደግሞ አምስት ካርቶን ቆርጣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ብላ ጻፈችባቸው። አምስት ልጆች ያዟቸው። ቁጥሩ ሲፈለግ ያሳያሉ፣ ሳይፈለግ ይገለብጡታል። በአምስቱ ካርቶን ከዜሮ እስከ 31 ማንኛውም ቁጥር ይወጣል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የእያንዳንዱን ልጅ የልደት ቀን አወጡ። ለ13ቱ ወራት ደግሞ አራት ካርቶን በቃቸው። ጳጉሜን የተወለደችው ልጅ በጣም ደስ አላት። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ እንዲህ በክፍትና በዝግ እንደሚጻፍ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይሞላ ገባቸው። እኔ እንኳ ዲግሪ ይዤ አልገባኝም ነበር። ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

ከዚህ የባሰም ተደርጎብናል። በፈረንጆቹ 2012 አካባቢ ነው። ወንጪ አፋፍ ላይና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ ሌላ መንደር፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች የታሸጉ ታብሌቶች ካርቶናቸው ሳይከፈት ተሰጡ። መምህር የለም። መመሪያ የለም። በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረጉን ብቻ ለአዋቂዎች አሳይተዋል። የፕሮጀክቱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ሰውየው የራሱን ፕሮጀክት የሚያሞግስ ስለሆነ ትንሽ ቀንሳችሁ ውሰዱለት። ግማሹ እንኳ እውነት ከሆነ ግን አስቡት። ዳንቴል የለ፣ ጫማ ማውለቅ የለ፣ ጓጉንቸር የለ። እነዚያ ልጆች ስለ ቻርልስ ባቤጅ ምንም ሳያውቁ!

ስክራች የሚባለውም አለ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2007 ለልጆች ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። ባለቀለም ትእዛዞችን እየገጣጠሙ ድመት ያስኬዱበታል። በአማርኛም ይሠራል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይለምንም። ልንጭነው አስበን ነበር፤ ለመጫን ግን ላቡ መከፈት አለበት።

ላቡ ጨርሶ አይከፈትም ማለቴ ግን አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። ጨርቆቹ ይገፈፋሉ። ሦስቱ የሚሠሩት ፊት ለፊት ይደረጋሉ። ዩኒፎርማቸው የጸዳ ልጆች ይመረጡና እጃቸውን ኪቦርድ ላይ ያስቀምጣሉ። ፎቶ ይነሳል። በ2016 ዓ.ም የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር አንዱ ላብ በር ላይ ባነር ተሰቅሎ አይቻለሁ። ጓጉንቸሩ እንዳይታይ ባነሩ ትንሽ ዝቅ ብሏል።

ካርዱን ተቀብዬ ስወጣ የላቡን በር የሚጠብቁት ሽማግሌ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት ልጆች ከበዋቸዋል። ሽማግሌው ስማርት ስልክ ይዘዋል፤ ገጠር ላለች ልጃቸው በቴሌብር ብር ሊልኩ ነው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ «እዚህ ጋ ይንኩ ጋሼ፣ አሁን የስልክ ቁጥሯን፣ ቁጥሩን ደግመው ይዩት» ትላቸዋለች። ቀጥላ ፊቷን አዞረች።

«ፒኑን እኔ ሳላይ ይጻፉት» አለች።

ብሩ ሄደ። ሽማግሌው መረቋት። ከዚያ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹም ወደ ክፍል ሮጡ። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ አይሲቲ ነው። ኪቦርዱን ባለፈው ሳምንት ሥለው ስለጨረሱ ዛሬ ማውስ ይጀምራሉ።