ቲኤስኤች ከፍ ሲል መድኃኒቱ አንሷል ማለት ነው

ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ሆርሞን አመንጪ እጢ) ሲደክም ስለሚዋጠው የሆርሞን ክኒን የጻፋችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «ቲኤስኤች ከፍ ካለ መድኃኒቱ በዝቷል» የሚለው እባካችሁ ይታረም። ነገሩ ግልባጩ ነው። ቲኤስኤች፣ በደም ምርመራ የሚለካው ሆርሞን፣ የሚመነጨው ከአንጎል ግርጌ ካለችው ፒቱታሪ እጢ ሲሆን፣ ታይሮይድ ሲደክም «ሥራ» እያለች የምትልከው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ 12 ሆኖ ፍሪ ቲ4 (ታይሮይድ ራሷ የምታመነጨው፣ በክኒንም የሚተካው ሆርሞን በደም ውስጥ ያለው መጠን) ዝቅ ካለ የታይሮይድ ሆርሞኑ አንሷል። ክኒን እየወሰዱ ቲኤስኤች ወርዶ 0.05 ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ በዝቷል፤ ልብ ያስመታል፣ ሲቆይም አጥንት ያሳሳል።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 ደህና ሲሆን ነው። መጠኑ ትንሽ አንሶ ሊሆን ይችላል። ሳምንታት ክኒን ዘልሎ ለምርመራው ሰሞን ብቻ መዋጥም ይህንኑ ያመጣል፤ ፍሪ ቲ4 ቶሎ ከፍ ይላል፣ ቲኤስኤች ግን ለመስተካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። መጠን ተቀይሮ ከዚያ በፊት መመርመር፣ እርግዝና ከሌለ፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ደም የሚሰጠው ጠዋት፣ የዕለቱ ክኒን ሳይዋጥ ይሁን።

ባሕር ዳር ተመርምራችሁ አዲስ አበባ ከደገማችሁ መለኪያውን እዩ፦ ፍሪ ቲ4 በአንዱ ወረቀት 1.2 ናኖግራም በዴሲሊትር፣ በሌላው 15.4 ፒኮሞል በሊትር ቢል ያው ነው፤ አልጨመረም።

ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። የዘጌ ቡናችን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ በ4 ሰዓት ልዩነት። ያረገዘች እህት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ለሐኪሟ ትንገር፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ መጨመር አለበት፣ እስከ እርግዝናው አጋማሽም ምርመራው በየ4 ሳምንቱ ነው።