ሴሪናን ያስወጣት ልብሷ አይደለም

እህቴ፣ «የቴኒስ ተጫዋቿ ሴሪና ዊሊያምስ በዛ ጥቁር ጥብቅ ልብስ ምክንያት ከፈረንሳይ ኦፕን ውድድር ተባረረች» ያልሽው ልክ አይደለም። እዚህ ጎንደር ፒያሳም ቡና ላይ ስንቱ ይሄንኑ ይደግመዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ልብሱን ለብሳ ተጫወተች፣ አሸነፈችም። ከአራተኛው ዙር በፊት የወጣችው የደረቷ ጡንቻ ስለተጎዳ ነው። በአዘጋጆቹ «ከእንግዲህ አንቀበልም» የተባለው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነሐሴ ላይ ነው፣ ያውም ልብሱ ለደም መርጋት ችግሯ እንደሚረዳት ራሷ ተናግራ እያለ!

ደግሞ የመጀመሪያዋም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1985 ዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ላይ ሌላዋ ተጫዋች አን ኋይት ሙሉ ሰውነቷን የሚሸፍን ነጭ ጥብቅ ልብስ ለብሳ ገባች፤ ጨዋታው ስለመሸ ተቋረጠና «ነገ ይሄን እንዳትለብሺ» ተባለች። በማግስቱ ሌላ ለብሳ መጥታ ተሸነፈች። የሴቶች ቴኒስ ማህበር ያለ ቀሚስ ታይት ብቻ መልበስ እንደሚቻል በግልጽ የጻፈው ከ2018ቱ ግርግር በኋላ ነው።