ሞቻ ሳይሆን ሞኻ

በሜይ 2023 ማይንማርን የመታውን ሳይክሎን (ከውቅያኖስ የሚነሳ ብርቱ አውሎ ነፋስ) ስም ከእንግሊዝኛው ፊደል ያነበበ ሰው «ሞቻ» ቢል አይፈረድበትም። ስሙን ያወጣችው የመን ግን ቡና ይጫንበት የነበረውን ወደቧን አስባ ሞኻ ብላዋለች። «ኻ»ን የሚያህል ፊደል ይዘን የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ መከተላችን ያስቆጫል።

በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳ ነፋስ ፍጥነቱ 34 ኖት፣ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የኒው ዴልሂው የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል ከዝርዝሩ ተራው የደረሰውን ስም ይሰጠዋል። ያኔ የሚፈጠር ስም የለም። በኤፕሪል 2020 በወጣው ዝርዝር 13 አገሮች እያንዳንዳቸው 13፣ በድምሩ 169 ስም አስገብተዋል፤ አንዴ የተጠራ ስም አይደገምም። ስሙ በላቲን ከስምንት ፊደል መብለጥ፣ ፖለቲካና ሃይማኖት መንካት የለበትም። አቅራቢዋ አገር አነባበቡን በጽሑፍም በድምፅም አያይዛ ታስገባለች። አርታኢዎቻችን ማየት ያለባቸው ይህንን ነው። ማይንማር ያወጣችው የ2021ዱ ስም በላቲን ሲታይ «ታውክታይ» ያሰኛል፤ አነባበቡ ግን ታውቴ ነው።

ነገሩ ፊደል ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ስም የሚወጣው ማስጠንቀቂያው ሳይምታታ እንዲሰማ ነው። አትላንቲክ ላይ በየስድስት ዓመቱ የሚዞሩ 21 ስም የያዙ ስድስት ዝርዝሮች አሉ፤ እንደ ካትሪና ብዙ ያጠፋው ከነጭራሹ ይሰረዛል። በ2020 ስሙ አልቆ ወደ ግሪክ ፊደላት ሲዞሩ ዜታ፣ ኤታና ቴታ በጆሮ ተምታቱ። በ2021 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የግሪኩን ነገር ተወው።

ሩቅ የሚመስለው ነፋስ እኛም ጋ ይደርሳል። በ2018 ሳጋር ምሥራቅ ኢትዮጵያን በዝናብ መታ። በዚያው ዓመት መኩኑና ሉባን በዐረቢያ በረሃ ያወረዱት ዝናብ ኋላ ማሳችን ላይ ያረፈውን የአንበጣ መንጋ አራባ። ሉባን የኦማን ስም ነው፣ ዕጣን ማለት፤ የእኛው ሉባንጃም ከዚያው ቃል የመጣ ነው።

በኖቬምበር 2020 ሶማሊያን ራስ ሀፉን አካባቢ የመታው፣ በዚያች አገር ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ሳይክሎን ስሙ የሕንድ ነው፤ በሂንዲ ፍጥነት ማለት ሲሆን «ጋቲ» ሳይሆን «ገቲ» ተብሎ ይነበባል። ሶማሊያ ራሷ ከ13ቱ ስም አውጪዎች ውስጥ የለችም።