ውዳሴ ለድሬዳዋ የወገብ ሐኪሞች

በድሬዳዋ «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ሳይመረመር የሚያድር ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ከከዚራ የዛፍ ጥላ እስከ ቀፊራ ገበያ ድረስ ሕክምና ያልተማረ ሐኪም የማይገኝበት ስፍራ የለምና። እዚህ ካርድ ማውጣት አያስፈልግም፤ ወረፋም የለም፤ ሐኪሙ ሕመምተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ በሽታውን ያውቀዋል።

በአንድ መጋዘን ተቀጥሮ 50 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት የሚሸከም ጎረቤቴ፣ አንድ ማለዳ ከአልጋው ሊነሳ ሲል ወገቡ ያዘው። የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረገለት ወደ ሥራ ያደረሰው የባጃጅ ሹፌር ሲሆን፣ በመስታወቱ አንድ ጊዜ አየት አድርጎት «ዲስክ ነው» አለው። ተራ ራጅ እንኳ አጥንትን እንጂ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ዲስክ አያሳይም፤ የባጃጅ መስታወት ግን አሳይቷል። ማታ ቡና ላይ የነበሩ እናት «የምን ዲስክ! ብርድ ነው» ብለው ፈረዱ። በዚያ ሰሞን በድሬዳዋ ሙቀት ሌሊት እንኳ አንሶላ መልበስ አቅቶን ነበርና፣ ብርዱ በየት በኩል እንደገባ ባይገባኝም ግኝታቸውን አድንቄአለሁ።

በማግስቱ በርጫ ላይ ጉባኤው ለሦስት ተከፈለ፤ አንደኛው ወገን ኩላሊት፣ ሁለተኛው የጅማት መዞር፣ ሦስተኛው ስንፍና ነው አለ። ስምምነት የተገኘው በመድኃኒቱ ላይ ብቻ ነበር፤ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ። ይህ መድኃኒት ላብ በላብ ሆኖ ውሃ ሳይጠጣ የሚውልን ሰው ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ የ«ኩላሊት ነው» ወገኖች ትንቢት እንዲፈጸም ሁሉም የበኩሉን ማዋጣቱ የሚያስመሰግን ነው።

ከሐኪሞቹ አንዱም ግን እግርህ ይዝላል ወይ፣ በጭኖችህ መካከል ይደነዝዝሃል ወይ፣ ሽንትህን መቆጣጠር አቅቶሃል ወይ ብሎ አልጠየቀውም። እነዚህ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች ናቸው፤ ነገር ግን መጠየቅ አለማወቅን ማሳየት ነውና ክብራቸውን ጠበቁ። ይልቁንስ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋልሎ እንዲከርም አዘዙት። አብዛኛው የወገብ ሕመም ሰውየው እንደ አቅሙ ቢንቀሳቀስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ረገብ የሚል መሆኑ ደግሞ ለሙያው ትልቅ በረከት ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ቅባት ይዞ ብቅ ያለ ሰው ፈዋሽ ተብሎ ይኖራል። (ወጌሻውን አላማሁም፤ ቢያንስ እሱ ነክቶ አይቶታል።)

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሹን፣ ለተከታዮቹ 3 ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛል፤ ለዚህም የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል። ጎረቤቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ እየተንፏቀቀ ወደ አለቃው ቢሄድ፣ ካከሙት ዘጠኝ ሐኪሞች አንዱም ማኅተም አልነበረውም። አለቃው «ያለ ወረቀት አላምንም፤ የቀረህበት ቀን ሁሉ ይቆረጣል» አለው። ጎረቤቴ ዞሮ ሊወጣ ሲል ግን ከኋላው አተኩሮ አየውና ድምፁን አለዝቦ፦

«ለእኔ ብርድ ነው የሚመስለኝ፤ እስቲ ፌጦ ተቀባበት።»