ሮስተሩን አስተካክል ይሉኛል
አሁንስ በቃኝ! ዛሬ ደግሞ ከወረዳ ተደወለልኝ። «የወደቀ በዝቷል፣ ሮስተሩን (የተማሪዎች ውጤት የሚሞላበትን መዝገብ) አስተካክለህ ላክ።» ምኑን ነው የማስተካክለው? ሒሳብ 31 ያመጣውን ልጅ 50 ልበለው? መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈውን እኔ ርዕሰ መምህሩ ልፋቀው?

ሰባተኛ ክፍል ደርሶ አንዲት አንቀጽ በጣቱ እየተከተለ የሚንተባተብ ልጅ አለኝ። በየዓመቱ «አልፏል» እየተባለ ነው እዚህ የደረሰው። ያሳለፍነው እኛው ነን!

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ያኔ አገር ደነገጠ። ታዲያ ዛሬም ቁጥር ላሳምር?

እምቢ ስል «የሥራ አፈጻጸምህ ዝቅ ይላል» ይሉኛል። ዝቅ ይበል! የልጁ እናት እንጀራ ሸጣ ነው ደብተር የገዛችለት። ነገ ዓይኗን እንዴት ብዬ ነው የማየው?